ክራሩን ማን ይሸከመው?

ስለ ክራር፣ ስለ ማሲንቆና ስለ በገና አያያዝ

«ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። የሰማነውን ያህል ግን አልገባንም ነበር። የገባን ባለፈው ዓመት፣ በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ፣ በሕዝብ ፊት ተዋርደን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን አንዱ ግጥም ሊያነብ፣ በየአንጓው መካከል ደግሞ ክራሩን ነካ ነካ ሊያደርግ ተሰናዳ። ክራሩ የአራታችን የጋራ ንብረት ነው፤ ከኪሳችን አዋጥተን የገዛነው። ወር ሙሉ በመኝታ ክፍላችን፣ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠን ተለማምደንበታል፤ ትዝታን አሳምረን እናወጣለን ብለን አምነናል። ለምሽቱ ግን ወንበር አላዘጋጀንም። ጊታር የሚጫወቱት ልጆች ቆመው ነው የሚጫወቱት፣ እኛስ ከማን እናንሳለን አልን። ጓደኛችን ቆመ። የመጀመሪያው ስንኝ ተነበበ። ግራ እጁ ክራሩን ጨብጦ ስለነበር ጣቶቹ ከአውታሩ ሊደርሱ አልቻሉም። ጣቶቹን ለቀቅ ሲያደርግ ክራሩ ወደ ፊት ዘመም አለ። በጉልበቱ ሊደግፈው አንድ እግሩን አነሣ። አዳራሹ ሳቀ። በመጨረሻ ገበቴው ከመድረኩ ወለል ጋር ተላተመና የወጣው ድምፅ በዚያ ምሽት ከሰማነው ሁሉ ጎላ ያለው ሆነ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ስንከራከር ሰነበትን። ክራር በግራ እጅ የሚጫወቱት ከሆነ፣ በቀኝ እጅም የሚገርፉት ከሆነ፣ ታዲያ ማን ይሸከመው? ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ ይመስላል። እኛም መጀመሪያ ላይ ስቀንበታል። ነገር ግን ተከትለነው ስንሄድ ከመኝታ ክፍላችን አውጥቶ ወደ ሙዚየም፣ ከሙዚየም ወደ ቤተ መንግሥት፣ ከቤተ መንግሥት ወደ አዝማሪ ቤት፣ በመጨረሻም ከየካ ወደ እንጦጦ ጋራ ወሰደን። ያየነውንና ያነበብነውን ለእናንተ ለጓደኞቻችን ማካፈል ተገቢ ነው ብለን ይህን ጽፈናል። (ዓመተ ምሕረቶቹን በእኛ አቆጣጠር እንሰጣለን፤ የፈረንጆቹ ሲሆን እ.ኤ.አ. ብለን እንለያለን።)

፩

አስቀድመን መሣሪያውን እንይ። ክራር ከታች ገበቴ አለው፤ ገበቴው በቆዳ ተለብጧል። ከገበቴው ሁለት ቋሚዎች ይወጣሉ፤ ከላይ ቀንበሩ ያገናኛቸዋል። አምስት ወይም ስድስት አውታሮች ከገበቴው ተነሥተው ቀንበሩ ላይ ይጠመጠማሉ፤ ቅኝቱ የሚስተካከለው እዚያው ቀንበሩ ላይ ነው። ዱሮ አውታሩ ጅማት ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ናይለን ነው። ጊታር አንገት አለው፤ አንገቱን እየጨበጡ ክሩን እንጨት ላይ ይጫኑታል። ክራር አንገት የለውም። ከአውታሩ ጀርባ ያለው ባዶ አየር ነው። የግራ እጅ የሚገባውም በዚያ ባዶ አየር ውስጥ ነው።

ክራር በሁለት መንገድ ይመታል። አንደኛው ድርድር ነው፤ ጣቶች አውታሩን አንድ በአንድ እየነኩ ዜማውን ያወጣሉ። ሁለተኛው ግርፍ ነው፤ ቀኝ እጅ በመግረፊያ አውታሮቹን በሙሉ ባንዴ ይገርፋቸዋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ከጀርባ ሆነው እንዲሰማ የማይፈለገውን አውታር ያፍኑታል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። በግርፍ ጊዜ የግራ እጅ ሥራ ድምፅ ማውጣት ሳይሆን ዝም ማሰኘት ነው። አንዱን ጣት ባነሣን ቁጥር አንድ ድምፅ ነፃ ይወጣል። ስድስት አውታር ለአምስት ጣት ሲደለደል አንዱ ጣት ሁለት ይደርሰዋል። እንግዲህ ይህን ሁሉ የምትሠራ እጅ መሣሪያ ልትሸከም አትችልም። ሥራ ፈት ጣት የላትም።

ስለዚህ ክብደቱን ሌላ አካል መቀበል አለበት። ተቀምጦ የሚጫወት ሰው ገበቴውን ጭኑ ላይ ያሳርፋል፤ አንዱን ቋሚ ወደ ደረቱ አስጠግቶ ክራሩን ጥቂት ያዘነብለዋል፤ የግራ ክንዱ ቋሚውን ተደግፎ ይገባል። የእጁ አንጓ አይታጠፍም፤ ቀጥ ብሎ ይገባል። ጭን፣ ደረት፣ ክንድ፣ እነዚህ ሦስቱ ተባብረው ይሸከሙታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህም ይሠራል። አንዳንድ ተጫዋቾች ደግሞ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ጨርቅ ወይም ጠፍር አስረው የእጃቸውን አንጓ ያሳርፉበታል። እኛ ወር ሙሉ አንጓችንን አጥፈን፣ ቋሚውን በአውራ ጣት ጨብጠን ነበር የምንለማመደው። ማታ ማታ እጃችን ለምን እንደሚያመን ያወቅነው ኋላ ነው። ኧረ እንዲያውም ሕመሙን የትጋት ምልክት አድርገን እንኮራበት ነበር!

፪

ሁለተኛ ጉዟችን ሩቅ አልነበረም፤ ስድስት ኪሎ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች ስብስብ አለው። ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ በገናው፣ ዋሽንቱ፣ ከበሮው ሁሉ አለ። ብዙዎቻችን ትምህርት ቤታችን ጊቢ ውስጥ ስላለ ብቻ ገብተን አናየውም።

መሣሪያዎቹን ቆመን ስናይ አንድ ነገር ቅር አሰኘን። ሁሉም አሉ፣ ሰውየው ግን የለም። ገበቴው የትኛው ጭን ላይ እንደሚያርፍ፣ ክንዱ በየት በኩል እንደሚገባ ቁሳቁሱ አይናገርም። እንጨትና ቆዳ በመስታወት ውስጥ መቶ ዓመት ይቆያል። አያያዝ ግን በመስታወት አይቀመጥም፤ ከአንዱ ሰው አካል ወደ ሌላው ሰው አካል ካልተላለፈ ይሞታል። ይህን ያልነው ሙዚየሙን ለመንቀፍ አይደለም። ሙዚየም የሚችለውን ያህል ያስቀምጣል፤ ቀሪው የእኛ ዕዳ ነው ለማለት ነው።

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የጥንት ግሪኮች የክራር ዘመድ የሆነ መሣሪያ ነበራቸው፤ በሸክላ ዕቃዎቻቸው ላይ በተሣሉት ሥዕሎች እንደሚታየው የተጫዋቹ ግራ አንጓ በማንገቻ ታስሮ ጣቶቹ ከአውታሩ ጀርባ ይዘረጋሉ። እነሱም እንደኛው «ማን ይሸከመው?» ብለው ጠይቀው ነበር ማለት ነው። አውሮፓውያንም ቫዮሊንን በአገጭ መያዝ የለመዱት ቀስ በቀስ ነው። ሉዊ ሽፖር የተባለው ጀርመናዊ የቫዮሊን ሊቅ የአገጭ ማሳረፊያዋን ያበጀው እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ደረት ላይ አስደግፈው የሚጫወቱ ብዙ ነበሩ። አንዲት ትንሽ እንጨት ስትጨመር ግራ እጅ ከሸክም ነፃ ወጣችና ከላይ እስከ ታች እንደ ልቧ መሮጥ ቻለች። እንግዲህ አያያዝ ሲለወጥ ሙዚቃው ራሱ ይለወጣል። ይህን ያዙልን።

፫

አሁን ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ። ሦስቱን የአውታር መሣሪያዎቻችንን አጠገብ ላጠገብ አስቀምጠን ስናስተያያቸው አያያዛቸው የየባለቤቶቻቸውን ማዕረግ የሚናገር ሆኖ አገኘነው።

በገና ትልቅ ነው፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፣ አሥር አውታር አለው። ደርዳሪው ተቀምጦ፣ መሣሪያውን ወደ ግራ ጎኑ አስጠግቶ አቁሞ፣ ረጋ ብሎ ይደረድረዋል። በገና ይዞ መሮጥ የለም፤ በገና ይዞ መጨፈርም የለም። ይልቁንም በዐቢይ ጾም ወራት የሚሰማ የጸሎትና የተመስጦ መሣሪያ ነው። በትውፊት ከንጉሥ ዳዊት በገና ጋር ይያያዛል፤ ከነገሥታቱና ከመኳንንቱም የሚደረድሩት እንደነበሩ ይነገራል፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ስም ከዚሁ ጋር ሲነሣ እንሰማለን። በገና የተቀመጠ ሰው መሣሪያ ነው። ለመቀመጥ ደግሞ ጊዜና ወንበር ያስፈልጋል።

ማሲንቆ የዚህ ተቃራኒ ነው። ባለ አንድ አውታር ሲሆን አውታሩ የፈረስ ጭራ ነው፤ ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። ሲቀመጡበት ገበቴው ጉልበትና ጉልበት መካከል ይገባል፤ አንገቱ ወደ ላይ ይቆማል፤ የግራ እጅ ጣቶች ጭራውን ከጎን ይነኩታል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫኑትም። አዝማሪው ግን ብዙ ጊዜ አይቀመጥም። ማሲንቆውን በማንገቻ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ከሰርግ ወደ ተዝካር፣ ከጠጅ ቤት ወደ ጠጅ ቤት ይዞራል፤ ከገበታ ወደ ገበታ እየተዘዋወረ የእያንዳንዱን ሰው ስም እየጠራ ይገጥማል። ያቺ ማንገቻ ቀላል ነገር አይደለችም። እኛ እንደምንገምተው ማሲንቆን በቁም መገዝገዝ የመጣው አዝማሪው ቆሞ መጫወት ስለወደደ ብቻ አይደለም፤ ከእንግዶቹ እኩል ተቀመጥ የሚለው ሰው ስላልነበረም ነው። ሙያው ይወደዳል፣ ባለሙያው ይናቃል። ዘፈኑ ግብዣውን ያደምቃል፣ ዘፋኙ ደጃፍ ላይ ይቆማል። «አዝማሪ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ የተነገረበትን ጊዜ ወላጆቻችን ያስታውሳሉ።

ይሁን እንጂ ያቺው ማንገቻ ኃይልም ሰጥታዋለች። ቆሞ የሚዞር ሰው ወሬ ያመጣል፣ ወሬ ይወስዳል፤ በሰምና ወርቅ ይወጋል። ይህን ፋሺስቶቹ አሳምረው ያውቁ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ እንዲጠፉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮችና ቃልቻዎች ብቻ ሳይሆኑ በየአገሩ እየዞሩ የሚዘፍኑና የሚተርኩም ነበሩበት። በየቀኑ በስድስት ኪሎው ሐውልት ሥር ስናልፍ ካህኑን፣ ተማሪውን፣ ነዳዩን እናስባለን። ትከሻው ላይ ማሲንቆ ያንጠለጠለውንም ማሰብ ይገባናል።

ክራርስ? ክራር በሁለቱ መካከል ነው። መልኩ በገናን ይመስላል፣ ዕጣ ፈንታው ግን ወደ ማሲንቆ ያደላል። የሙዚቃ ሊቁ አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ክራር ባሳተመው ጥናት ርእስ ላይ «የሰይጣን መሣሪያ» የሚለውን ስም አስፍሯል። ስሙን እሱ አላወጣውም፤ በሕዝቡ ዘንድ የነበረ አመለካከት ነው። በገና ለእግዚአብሔር ምስጋና፣ ክራር ለሥጋ ፍቅር ተብሎ ተከፍሏል። የሁለቱን አሠራር ለተመለከተ ሰው ነገሩ ይገርማል። ያው ገበቴ፣ ያው ሁለት ቋሚ፣ ያው ቀንበር። ልዩነቱ የመጠን፣ የአውታር ቁጥርና የድምፅ ነው። አንድ ነገር ግን እንጨምር፤ በገና ጎን ላይ ይቆማል፣ ክራር ጭን ላይ ይቀመጣል። ጭን ላይ የሚቀመጥ ነገር ልጅ ነው ወይም ወዳጅ ነው። ክራር ለፍቅር ቀረብ ማለቱ ከዚህም ሳይሆን አይቀርም እያልን በመኝታ ክፍላችን ቀልደናል። ቀልዱ ግን ጥቂት እውነት ሳይኖረው አይቀርም።

፬

ከዚህ በኋላ የመጣው የመድረክ ዘመን ነው። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ሀገር ፍቅር የባህል ተጫዋቾችን ከግብዣ ቤት ወደ መድረክ አወጣ። ከነፃነት በኋላ ደግሞ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ተደራጁ። ካሣ ተሰማ ክራሩን ይዞ የወጣው ከክብር ዘበኛ ነው። ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ ደግሞ ክራርን በሴት እጅ ምን ያህል እንደሚያምር ለአገር አሳዩ። አስናቀች ተዋናይም ነበረች፤ ሴቶች መድረክ በማይወጡበት ዘመን መድረክ ከወጡት ቀዳሚዎች አንዷ ነች። የሰይጣን መሣሪያ የተባለውን ነገር ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በአዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት፣ ያለ ሐፍረት ተጫወተችው። እነዚህን ሰዎች ስናስብ ድምፃቸውን ብቻ እናስባለን። ነገር ግን መጀመሪያ ያሸነፉት በአቀማመጣቸው ነው። አዝማሪ ደጃፍ ላይ በሚቆምበት አገር ተጫዋች በመድረክ መሐል ወንበር ተሰጥቶት ተቀመጠ።

እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ በዚሁ በእኛው ዩኒቨርሲቲ፣ በጊዜው በነበረው የኪነ ጥበባት ማዕከል ሥር፣ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ተቋቋመ። መሥራቹ ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል-ዳብ ነው፤ በኋላ ቡድኑን ለረጅም ጊዜ የመራው ተስፋዬ ለማ ነበር። ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና ከበሮ ባንድነት አንድ መድረክ ላይ ተሰለፉ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በየጓዳው፣ በየደጁ፣ በየቤተ መንግሥቱ ተለያይተው የኖሩ መሣሪያዎች እንደ ማኅበር ጎን ለጎን ተቀመጡ። የማሲንቆው ሊቅ ጌታመሳይ አበበ በዚህ ቡድን ውስጥ ነበር። ከእሱም አጠገብ ቁጭ ብሎ ማሲንቆ የተማረ ቻርልስ ሰተን የሚባል አሜሪካዊ የሰላም ጓድ ነበር፤ ተምሮም ከቡድኑ ጋር በአገሩ በአሜሪካ ዞሮ ተጫውቷል። አንድ ፈረንጅ ማሲንቆ ጉልበቱ መካከል መያዝን ከሊቅ አጠገብ ተቀምጦ ሲማር፣ እኛ ያገሩ ልጆች ክራርን በጊታር አያያዝ ለመያዝ መሞከራችን ያሳፍራል።

በዚያው ዐሥርት ዓመት የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ዲሬክተር ያው አሸናፊ ከበደ ነበር። ዛሬ ትምህርት ቤቱ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጠቃልሏል። ክራርና ማሲንቆ እንደ ፒያኖና እንደ ቫዮሊን በክፍል ውስጥ፣ በመምህር፣ በፈተና የሚሰጡ ሆኑ። ግርፍና ድርድር ተለያይተው ይጠናሉ። ይህ ለአያያዝ ታሪክ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ዱሮ ልጅ ከአባቱ እያየ የሚወስደውን አሁን መምህር ቆሞ ያርመዋል፤ «አንጓህን አታጥፍ፣ ትከሻህን አታንሣ» ይላል።

ዛሬ ክራር ኤሌክትሪክም ሆኗል። ተጫዋቹ እንደ ጊታር በማንገቻ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት በመድረክ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። ይህን የሚነቅፉ አሉ። እኛ አንነቅፍም። የአዝማሪው ማንገቻ ወደ ክራር ተሻገረች እንጂ ከባዕድ አልመጣችም። የእኛ ጥፋት ቆመን መጫወታችን አልነበረም። ያለ ማንገቻ መቆማችን ነው።

፭

አሁን ወደ ጋራው እንውጣ። ምክንያቱም የዚህ ጽሑፍ እምብርት ያለው እዚያ ነው።

እንጦጦ የአዲስ አበባ እናት ነው። ምኒልክ ከተማቸውን እዚያ ብርድ ላይ ቆርቁረው ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. ከተማው ወደ ፍል ውሃው ወርዶ አዲስ አበባ ተባለ፤ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ግን በ1882 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ ማርያም ላይ ተከበረ። ቤተ መንግሥት ወረደ፤ ቤተ ክርስቲያኖቹ ቀሩ፤ ካህናቱና ደብተሮቹም ቀሩ። ዜማውም አብሮ ቀረ።

በዚህ ጋራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1950 ዓለሙ አጋ ተወለደ። የበገና ነገር ሲነሣ ከማንም በፊት ስሙ የሚጠራው ዓለሙ አጋ ማለታችን ነው። የበገና አለቃ የሆነ አባት አልነበረውም። የሆነው ነገር ቀላል ነው፤ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተባሉት የበገና ሊቅ ጎረቤት ሆነው መጡ። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሰማ፣ ቀረበ፣ ተማረ። እስቲ አስቡት! አለቃ ተሰማ ሌላ ሰፈር ቢከራዩ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አንድ ትልቅ ጥበብ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የተሻገረው በአጥር በኩል ነው።

ዓለሙ በኋላ በያሬድ ትምህርት ቤት በገና አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሲንቲያ ኪምበርሊን የተባለች አሜሪካዊት የሙዚቃ ተመራማሪ የበገናን፣ የክራርንና የማሲንቆን ድምፅ ለዩኔስኮ ስብስብ ስትቀርጽ እሱም ተቀረጸ። ብዙም ሳይቆይ ግን የ1966ቱ አብዮት ፈነዳ። በደርግ ዘመን በገና የሃይማኖት መሣሪያ ነው ተብሎ ከሬዲዮ ተከለከለ፤ በትምህርት ቤቱም ማስተማሩ ተቋረጠ። ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. እስኪወድቅ ድረስ አንድ ሙሉ ትውልድ በገናን በአደባባይ ሳይሰማ አደገ።

ይህን ስናነብ የሙዚየሙ መስታወት ትዝ አለን። በእነዚያ ዓመታት በገናዎቹ አልተቃጠሉም፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ነበር። እንጨቱ አለ፣ ቆዳው አለ፣ አሥሩ አውታር አለ። የሚቋረጠው አያያዙ ነበር። የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች በዚያ ጊዜ አልቀው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በገና እንደ ሌላ የሙዚየም ዕቃ ከሥሩ ካርድ ተለጥፎለት እናየው ነበር፤ ማንም ግን በየት በኩል እንደሚያቅፈው ባላወቀ። አልሆነም። የያዙት ሰዎች በቤታቸው፣ በዝግታ፣ ይዘውት ቆዩ። ዛሬ በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየበገና ማሠልጠኛው ብዙ ወጣቶች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ በገና ያቅፋሉ። ያ ሰንሰለት ምን ያህል ቀጥኖ እንደነበር ስንቶቻቸው ያውቁ ይሆን?

፮

ባለፈው ጥቢ አራታችን ክራራችንን ይዘን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ ወጣን። ቀበናን ተሻግረን፣ ቤቶቹ አልቀው ባሕር ዛፉ እስኪጀምር ድረስ። ከእኛ ወደ ምሥራቅ የካ ከታች ተዘርግቷል፤ ከየካ በላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ያለበት ጋራ ይታያል። ክራሩን በተራ እየተቀባበልን ነበር የምንይዘው፤ አንዱ ቀንበሩን ይዞ፣ አንዱ በብብቱ ወሽቆ። አንዷ ቋሚ ቅርንጫፍ ስትነካ አውታሮቹ ብቻቸውን ያንጎራጉራሉ።

ከላይ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሲወርዱ አገኘናቸው። የእንጦጦን እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ያላየ አዲስ አበቤ የለም። ሸክሙ ከሰው ቁመት በላይ ወደ ጎን ተንሰራፍቶ፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ገመዱ ትከሻና ደረታቸው ላይ ተሻግሮ። መንገድ ለቀቅንላቸው። አንዲት እናት ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አሳርፈው ትንፋሻቸውን ሲመልሱ ክራራችንን ተመለከቱ።

«ልጆቼ፣ ይቺ ናት ያደከመቻችሁ?» አሉ። እኛም እየተሳቀቅን «አይ እማማ፣ አያያዙን አላወቅንበትም ነው» አልናቸው።

«ዕቃ በእጅ አይያዝም፤ እጅ ቶሎ ይደክማል። በገላ ነው የሚያዝ። ማሰሪያ አበጁላትና እጃችሁን ለሥራው ተዉት» ብለው ተነሡ። ሸክማቸውን ልናግዛቸው ስንል «ተዉ፣ ሚዛኑ ይፈርስብኛል» ብለው ወረዱ።

እኛ ሙዚየም ገብተን፣ ጥናት አገላብጠን፣ የግሪክ ሸክላ ሥዕል አይተን የደረስንበትን ነገር እኒያ እናት ወገባቸው ላይ ያውቁታል። ያኔ ትንሽ ዝም አልን። ስለ ሸክም ለማወቅ የተከፈለው ዋጋ የእኛና የእሳቸው አንድ አልነበረም። ይህን ለመጻፍም ሐፍረት አለበት፤ ሳይጻፍ ቢቀር ግን የባሰ ሐፍረት ነው።

ከደኑ ውስጥ ገላጣ ቦታ ፈልገን ተቀመጥን። ከመካከላችን አንዱ ነጠላውን ጠምዝዞ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል አሰረው። ገበቴውን ግራ ጭን ላይ፣ ቋሚውን ደረት ላይ፣ አንጓን ነጠላው ላይ። ጣቶች ከአውታሩ ጀርባ ተዘረጉ፤ ማንም አልጨበጠም። ከዚያ ቀኝ እጅ ገረፈ። ብርዱና ጤዛው ቅኝቱን አበላሽቶት ነበር፤ ሁለት ጊዜ አስተካከልነው። በሦስተኛው ትዝታ ወጣች። ጥሩ ነበረች ለማለት አንደፍርም፤ ግን ያለ ሕመም ወጣች።

እንግዲህ ለአንባቢ የምናወርሰው ይህን ነው። ክራር ያለው ከክራር ጋር ይቀመጥ፤ መቆም ከፈለገ ማንገቻ ያብጅ፤ አንጓውን ቀጥ ያድርግ፤ በአውራ ጣቱ አይጨብጥ። ክራር የሌለው ደግሞ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ይወቅ። ከአጥሩ ባሻገር አንድ የሚያውቁ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ይኖሩ ይሆናል፤ ነገ ላይኖሩም ይችላሉ። መሣሪያውን ሙዚየም ያስቀምጥልናል። አያያዙን ግን ማንም አያስቀምጥልንም፤ አጠገባቸው ተቀምጠን፣ እያየን፣ እየተሳሳትን፣ እየታረምን መውሰድ አለብን።

ለመጪው የሥነ ጽሑፍ ምሽት ጓደኛችን ያንኑ ግጥም ይዞ ይቀርባል። በዚህ ጊዜ ወንበር ጠይቀናል።